ፍላሽ ጨረር የሚያወጣ የሙከራ ማሽን አደጋው እንዴት ይመዘናል?

ጥያቄ፦ «በአሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ቀን ቀን ሕመምተኞች የሚታከሙበትን ሊኒየር አክሰለሬተር (ኤሌክትሮንን አፍጥኖ ጨረር የሚያወጣ ማሽን፣ በአጭሩ ሊናክ) ማታ ማታ ለውጠን በፍላሽ ፍጥነት፣ ማለትም ሙሉውን የጨረር መጠን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ኤሌክትሮን እናወጣበታለን፤ የምናጋልጠውም አይጦችን ነው። የደኅንነት ኮሚቴው የአደጋ ግምገማ እንዳቀርብ ስለጠየቀኝ ሊደርሱ የሚችሉ ብልሽቶችን ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ የአደጋ ነጥብ በሚሰጠው በኤፍኤምኢኤ ዘዴ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ከፍተኛውን ነጥብ፣ 144ን፣ ያገኘው አይጧን በትክክለኛው ቦታ ያለማስቀመጥ ስሕተት ነው። ማሽኑ ከታዘዘው በላይ ፐልስ (አጭር የጨረር ምት) ቢለቅ የሚለው ግን 36 ብቻ ሆነ፤ እምብዛም አይከሰትም፣ ቢከሰትም ስክሪኑ ላይ ወዲያው ይታያል በሚል ነው። ውጤቱ ልክ አልመሰለኝም፤ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ግን ማግኘት አልቻልኩም። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ብዜቱ ልክ ነው፤ ችግሩ ያለው «ስክሪኑ ላይ ወዲያው ይታያል» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። ከተለመደው የጨረር ሕክምና ወደ ፍላሽ ስንሻገር የአደጋ ግምገማው ከሥሩ የሚለወጥበት ነጥብ ይኸው ስለሆነ፣ ምላሼ በአብዛኛው በእሱ ዙሪያ ይሆናል።

የተጠቀሙበት ዘዴ በጨረር ሕክምና ውስጥ በሰፊው የታወቀው የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ቲጂ-100 በተባለው ሪፖርት ነው። (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለእያንዳንዱ ሊደርስ ለሚችል ብልሽት የመከሰት ዕድሉ፣ የጉዳቱ ክብደትና ሳይታወቅ የማለፍ ዕድሉ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣቸውና ይባዛሉ። እርስዎ ለትርፍ ፐልስ 2፣ 9 እና 2 ሰጥተው 36 አገኙ፤ ለአይጧ አቀማመጥ 6፣ 4 እና 6 ሰጥተው 144። ልብ ይበሉ፣ ሦስተኛው ነጥብ የሚጠይቀው ብልሽቱ ጉዳት ከማድረሱ በፊት ይታወቃል ወይ ብሎ ነው። በተለመደው ሕክምና «ይታወቃል» እና «በጊዜው ይታወቃል» በተግባር አንድ ስለሆኑ ልዩነታቸውን የሚያስብ የለም። ጨረሩ ደቂቃ ያህል ስለሚቆይ፣ ኮንሶሉ (የማሽኑ መቆጣጠሪያ) ላይ የተቀመጠው ባለሙያ እንግዳ ነገር ካየ ቁልፉን ተጭኖ ያቆመዋል፤ የደረሰው ስሕተትም ከታዘዘው ዶዝ (የጨረር መጠን) ጥቂት በመቶ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ይህንኑ በእርስዎ ማሽን ላይ እናስላው። ማሽኑ በሰከንድ 100 ፐልስ እየለቀቀ በእያንዳንዱ ፐልስ 2 ግሬይ (ግሬይ የዶዝ መለኪያ ነው) ይሰጣል እንበል። ለ20 ግሬይ 10 ፐልስ ይበቃል፤ ከመጀመሪያው ፐልስ እስከ አሥረኛው ያለው ጊዜ 90 ሚሊሰከንድ ነው። ሰው አንድ ምልክት ዐይቶ ጣቱን ለማንቀሳቀስ፣ ምልክቱን በዐይኑ እየጠበቀ እንኳ ቢሆን፣ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ስክሪኑ ቁጥሩን ከማሳየቱ፣ ባለሙያውም ዐይኑን ከማንሣቱ በፊት ሥራው አልቋል። ፐልሱ ሳይቆም ቀርቶ ባለሙያው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቢያቆመው 100 ፐልስ፣ ማለትም 200 ግሬይ ወጥቷል። በደቂቃ 6 ግሬይ በሚሰጥ ተራ ማሽን ላይ በዚያችው አንድ ሰከንድ የሚወጣው 0.1 ግሬይ ነው። የማቆሚያ ቁልፉም ባለሙያውም አንድ ናቸው፤ የሚያመልጠው ዶዝ ግን 2,000 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ማሽን ላይ የሰው ዐይንና ጣት የመከላከያ ረድፍ ተደርገው ሊቆጠሩ አይችሉም። ለትርፍ ፐልስ የሰጡትን 2 ወደ 9 ይለውጡት፤ ነጥቡ 162 ሆኖ ከሰንጠረዡ አናት ላይ ይቀመጣል።

የጉዳቱን ክብደት በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። ፍላሽ የሚባለው በሰከንድ ከ40 ግሬይ ገደማ በላይ ሆኖ የሚሰጥ ጨረር ሲሆን፣ በ2014 በፈረንሳይ የኩሪ ተቋም ተመራማሪዎች የአይጦችን ጤናማ ሳንባ በተሻለ እንደሚጠብቅ ካሳዩ ወዲህ ነው ትኩረት ያገኘው። በ2018 በስዊዘርላንድ ሎዛን የመጀመሪያው ሕመምተኛ ለቆዳ ሊምፎማ 15 ግሬይ በ90 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተሰጠው፤ በሲንሲናቲም 10 ሕመምተኞች በፕሮቶን ታክመው ውጤቱ በ2022 ታትሟል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከዚህ የተሳሳተ መደምደሚያ ሲወሰድ አያለሁ፤ ፍላሽ ጤናማ ሕዋስን ስለሚያተርፍ ትርፍ ዶዝም ያን ያህል አይጎዳም የሚል። ይህ አደገኛ አስተሳሰብ ነው። በታቀደ ዶዝ ላይ የታየ ጥቅም ባልታቀደ ዶዝ ላይ ዋስትና አይሆንም፤ ለክብደቱ የሚሰጡት ነጥብም በዚህ ሰበብ ሊቀነስ አይገባም።

ወደ ማሽኑ ውስጥ እንግባ፤ ዋናው አደጋ ያለው እዚያ ነው። ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ-25 የተባለ የካናዳ ማሽን በአሜሪካና በካናዳ 6 ሕመምተኞችን ከመጠን በላይ ለሆነ ጨረር አጋልጧል። በማርች 1986 በቴክሳስ ታይለር ከተማ ባለሙያዋ ኤሌክትሮን ማለት ሲገባት ኤክስሬይ ብላ ጻፈች፤ ወዲያው አየችና አረመችው። ማግኔቶቹ እስኪስተካከሉ 8 ሰከንድ ያህል ይወስድ ነበርና፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተደረገውን እርማት የሶፍትዌሩ አንዱ ክፍል ሲያየው ሌላው ሳያየው ቀረ። በዚህም የተነሣ የኤሌክትሮኑ ጅረት ለኤክስሬይ በሚያስፈልገው ከፍተኛ መጠን ሲወጣ፣ መንገዱ ላይ ግን ጅረቱን ተቀብሎ ወደ ኤክስሬይ የሚለውጠው የብረት ታርጌት አልነበረም። ኤሌክትሮን ታርጌት መትቶ ኤክስሬይ ሲፈጥር ከጉልበቱ የሚባክነው ብዙ ስለሆነ፣ ለኤክስሬይ የሚያስፈልገው ጅረት በቀጥታ ለኤሌክትሮን ሕክምና ከሚያስፈልገው በመቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስክሪኑ «ብልሽት 54» አለ፤ ከታዘዘው 202 ዩኒት (ማሽኑ ዶዝ የሚቆጥርበት መለኪያ) የተሰጠው 6 ብቻ እንደሆነም አሳየ። ባለሙያዋም ዶዙ ያነሰ መስሏት ቀጥል የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። በኋላ በተደረገው ስሌት፣ ሕመምተኛው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ በሆነች ቦታ ላይ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ165 እስከ 250 ግሬይ ሳይወስድ አልቀረም። ያው የሶፍትዌር ስሕተት ከእሱ በፊት በነበረው ቴራክ-20 ውስጥም ነበር፤ ያኛው ማሽን ግን በሽቦና በፊውዝ የተሠሩ ኢንተርሎኮች (ሁኔታው ልክ ካልሆነ ጨረር እንዳይወጣ የሚከለክሉ መቆለፊያዎች) ስለነበሩት ጨረሩ ሳይወጣ ይቆም ነበር። ቴራክ-25 ላይ እነዚያ ተነሥተው ኃላፊነቱ ለሶፍትዌሩ ተተወ።

ይህን ታሪክ የዘረዘርኩት እናንተ ማታ ማታ ሆን ብላችሁ የምትፈጥሩት ሁኔታ በታይለር በአደጋ ከተፈጠረው ጋር በመሠረቱ አንድ ስለሆነ ነው። የሕክምና ሊናክን ወደ ፍላሽ መለወጥ ማለት፣ በስታንፎርድ በ2017 እና በዳርትማውዝ በ2021 ታትመው በወጡት ሥራዎች እንደተገለጸው፣ ጅረቱን በኤክስሬይ መጠን አድርጎ ታርጌቱን ከመንገድ ማውጣት ነው። አምራቾች ከቴራክ በኋላ ይህ ሁኔታ ፈጽሞ እንዳይፈጠር የሠሯቸውን ኢንተርሎኮች እናንተ ለሥራው ስትሉ ትዘጋላችሁ፣ ማለትም እንዳይሠሩ ታደርጋላችሁ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ያለዚያ ምርምሩ አይኖርም። ነገር ግን ሰንጠረዥዎ የተዘጋ ኢንተርሎክ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ፣ ሲሠራ ምን ይከላከል እንደነበረ፣ አሁን ያንን ሥራ ማን ወይም ምን እንደተረከበ መጻፍ አለበት። ተረካቢ ያልተገኘለት ኢንተርሎክ ካለ፣ ለእኔ ያ ረድፍ ነጥቡ ስንትም ይሁን ስንት ሥራ ማስጀመር የለበትም።

በታይለር ስክሪኑ 6 ዩኒት ብሎ ማሳየቱ የእናንተም ችግር ነው። በሊናኩ ራስ ውስጥ ያለው አዮናይዜሽን ቻምበር (ጨረር በአየር ውስጥ የሚፈጥራቸውን አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች፣ ሰብስቦ ዶዙን የሚለካ መሣሪያ) በእያንዳንዱ ፐልስ ከሺህ አንድ ግሬይ በታች ለሚያልፍበት ሥራ የተሠራ ነው። በአንድ ፐልስ አንድና ሁለት ግሬይ ሲያልፍበት፣ በአየሩ ውስጥ የተፈጠሩት አዮኖች ተሰብስበው ሳይቆጠሩ መልሰው ይገናኛሉ፤ ቻምበሩም ካለፈው እጅግ ያነሰ ያነባል። ዶዙ በጨመረ ቁጥር ንባቡ ከእውነቱ እየራቀ፣ እየራቀ የሚሄደውም ወደ ታች ስለሆነ፣ የሚያሳስተን በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት ነው። ጨረሩን በዚህ ንባብ ማስቆም አይቻልም። ስለዚህ አብዛኞቹ ቡድኖች ፐልስ ይቆጥራሉ፤ የጅረቱንም መጠን ኤሌክትሮኖቹ መሐሉን በሚያልፉበት ቀለበት መሰል ትራንስፎርመር ይለካሉ፤ እውነተኛውን ዶዝ ደግሞ ቀለሙን በሚለውጥ ፊልም ወይም አላኒን በተባለ የተቀበለውን ዶዝ በሚመዘግብ ንጥረ ነገር ያረጋግጣሉ። ፊልም ትክክለኛ መለኪያ ነው፤ ንባቡ የሚገኘው ግን ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ መከላከያ አይደለም። በሰንጠረዡ ውስጥ ማስቆሚያና ማረጋገጫ ተለያይተው ይጻፉ።

የፐልስ ቆጣሪው ራሱ እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል ጊዜ ወስደው ያስቡበት። ከማሽኑ የሚነሣው የሬዲዮ ሞገድ በገመዱ ገብቶ ሐሰተኛ ቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ ያኔ ጨረሩ ቀድሞ ይቆምና ሙከራው ይበላሻል እንጂ ሌላ ጉዳት አይደርስም። ቆጣሪው ቁጥር ካመለጠው ግን፣ ወይም ገመዱ ወልቆ ዜሮ ላይ ከቆመ፣ አሥረኛው ፐልስ መጥቷል ብሎ የሚያስቆም ነገር የለም። ስለዚህ ከቆጣሪው ጋር ምንም የማይጋራ፣ የራሱ ኃይልና የራሱ ገመድ ያለው የጊዜ ገደብ ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ከመጀመሪያው ፐልስ 95 ሚሊሰከንድ በኋላ ጨረሩን የሚያቋርጥ ሰርኪውት ቢኖር፣ ቆጣሪው ቢታወርም አሥራ አንደኛው ፐልስ አይወጣም። ሁለቱም የሚዘጉት ፈጣኑን መንገድ፣ ማለትም የኤሌክትሮን ጠመንጃውን (ኤሌክትሮኖቹን የሚለቀውን ክፍል) ትሪገር፣ ማለትም የማስነሻ ምልክቱን፣ መሆን አለበት። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍተው ትልቁን የኃይል ኮንታክተር (የኤሌክትሪክ ማቋረጫ) ነው፤ እሱ ደግሞ መካኒካዊ ስለሆነ ለመከፈት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ይወስዳል። በተራ ሕክምና ይህ መዘግየት ቁጥር ውስጥ አይገባም። በእናንተ ዘንድ ግን ኮንታክተሩ 50 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ 5 ፐልስ፣ ማለትም 10 ግሬይ፣ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ያልፋል ማለት ነው።

«የምናጋልጠው አይጥ ብቻ ነው» የሚል ክርክር ከኮሚቴው ሊነሣ ይችላል። ሰዎች ግን ሁለት ቦታ ላይ ይገባሉ።

አንደኛው ክፍሉ ነው። ለግምት ያህል፣ 10 ግሬይ ከተሰጠበት ፋንተም (በሰውነት ምትክ የሚጋለጥ መሞከሪያ) ከሺህ አንዱ እጅ ብቻ አንድ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ቢደርሰው 10 ሚሊግሬይ ይሆናል፤ ለጨረር ሠራተኛ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን የሚመክረው ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ለዚህ ዓይነቱ ጨረር ከ20 ሚሊግሬይ ጋር እኩል ነው) መሆኑን ያስታውሱ። በተራ ማሽን ክፍሉ ውስጥ የቀረ ሰው የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ለመውጣት ወይም ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ለመጫን ጊዜ አለው። እዚህ የለውም። ስለዚህ ክፍሉን ፈትሾ የሚወጣው የመጨረሻው ሰው በውስጥ የሚጫነው ቁልፍ፣ በሩም ላይ ያለው ኢንተርሎክ በፍላሽ ጊዜ ፈጽሞ ከሥራ ውጭ ሊደረጉ አይገባም፤ ለሙከራ ቅልጥፍና ተብሎም ቢሆን።

የመለኪያው ነገርም አለ። ጋይገር ቆጣሪ ለአንድ ፐልስ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊቆጥር አይችልም፤ ፐልሱ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ስለሆነ፣ በውስጡ ምንም ያህል ጨረር ቢመጣ ለመሣሪያው አንድ ነው። 10 ፐልስ ስትለቁ ከግድግዳው ጀርባ የያዛችሁት ጋይገር ቢበዛ 10 ይቆጥራል፤ ይህም በአካባቢው ካለው የተፈጥሮ ጨረር ብዙም ላይለይ ይችላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ «ግድግዳው በቂ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልለካም። ድምሩን የሚይዝ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በድምር ሁኔታ የሚሠራ አዮናይዜሽን ቻምበር ወይም ለሳምንታት ግድግዳው ላይ የሚለጠፉ ዶሲሜትሮች ይጠቀሙ። በአሜሪካ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቦታ የሚጠበቅበት በየትኛውም አንድ ሰዓት 20 ማይክሮሲቨርት ስለሆነ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትተኩሱ ቆጥሮ ማስላት ያስፈልጋል፤ የቅጽበቱን ፍጥነት ብቻ አይቶ መደንገጥም ሆነ የሳምንቱን ድምር ብቻ አይቶ መዘናጋት አይጠቅምም።

ደወልን ስለማመን ደግሞ አንድ የታወቀ አደጋ ልጥቀስ። በኖቬምበር 1992 በፔንሲልቫንያ ኢንዲያና በተባለች ከተማ በከፍተኛ የዶዝ ፍጥነት ብራኪቴራፒ (ጨረር የሚያወጣ ምንጭ ሰውነት ውስጥ በማስገባት የሚሰጥ ሕክምና) ስትታከም የነበረች አረጋዊት ሰውነት ውስጥ የኢሪዲየም-192 ምንጩ ከሽቦው ተበጥሶ ቀረ። ኮንሶሉ ምንጩ ወደ ማኅደሩ እንደተመለሰ አሳየ። ግድግዳው ላይ ያለው የጨረር መቆጣጠሪያ ግን ጨረር እንዳለ እያስጠነቀቀ ነበር፤ ሠራተኞቹ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው አላመኑትም፣ በእጅ በሚያዘውም መለኪያ አላረጋገጡም። ሕመምተኛዋ ምንጩን በውስጧ ይዛ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ተመለሰች፤ ከጥቂት ቀናትም በኋላ ሞተች። ምንጩ የተገኘው ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ከሄደ በኋላ በቆሻሻ ማስወገጃው በነበረ የጨረር መቆጣጠሪያ ነው። በሙከራ ማሽን ላይ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ፣ ሰው ደወሉን መናቅ የሚለምደው በፍጥነት ነው። በሰንጠረዥዎ ውስጥ «የሐሰት ማስጠንቀቂያ መብዛት» ራሱን የቻለ ረድፍ ይኑረው፤ የመከሰት ዕድሉንም ዝቅ አያድርጉት።

ሁለተኛውና እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጠዋት ነው። ማታ የዘጋችኋቸው ኢንተርሎኮች፣ የለወጣችኋቸው የማስተካከያ ቁጥሮች፣ ያወጣችሁት ታርጌት ሁሉ ወደ ቦታቸው ተመልሰው በማግስቱ ያ ማሽን ሰው ያክማል። የዕለቱ የጠዋት ፍተሻ ዶዙ ከ3 በመቶ በላይ እንዳልተዛነፈ ያረጋግጣል፤ የዶዙ መጠን ልክ ሆኖ ሳለ አንድ ኢንተርሎክ ተዘግቶ ቀርቶ ከሆነ ግን ያ ፍተሻ አያሳየውም፤ ማሽኑ ደኅና እስከሆነ ድረስ ኢንተርሎክ ምንም አይሠራምና። ስለዚህ የመመለሻው ፍተሻ እያንዳንዱን ኢንተርሎክ ሆን ብሎ መቀስቀስና ጨረሩ በእርግጥ መከልከሉን ማየት አለበት። ይህንንም ማታ ያልሠራ ሌላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ያድርገው፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የደከመ ተማሪ የራሱን ሥራ ራሱ ፈትሾ የሚፈርምበት አሠራር ፍተሻ ሊባል አይችልም። በማሽኑ ላይ ሊቀረጹ የሚችሉ መለኪያዎችን በሙሉ ከለውጡ በፊትና በኋላ በፋይል አውጥቶ ልዩነታቸውን በኮምፒውተር ማነጻጸርም ትንሽ ሥራ ነው፤ ሰው ዐይቶ የሚያልፈውንም ይይዛል።

የነጥቡን ብዜት በተመለከተ፣ ሰንጠረዡን በብዜት ነጥቡ ብቻ ቅደም ተከተል አያስቀምጡት። በክፍሉ ውስጥ ሰው እያለ ጨረር መውጣት የመከሰት ዕድሉ 1፣ ክብደቱ 10፣ ሳይታወቅ የማለፉ ዕድል 5 ቢባል 50 ብቻ ይሆንና ከአይጧ አቀማመጥ በታች ይወርዳል። ቲጂ-100 ራሱም ክብደታቸው ከፍ ያሉ ረድፎች በብዜት ነጥባቸው ዝቅ ብለውም ቢሆን ለብቻቸው እንዲታዩ ይመክራል። ከዚህም በላይ ኤፍኤምኢኤ የሚያየው እያንዳንዱ አካል ለብቻው ሲበላሽ ነው። በታይለር ያኔ የተሰበረ አካል አልነበረም፤ ሁሉም የታዘዘውን ሲሠራ ነበር፣ ትእዛዞቹ ግን እርስ በርሳቸው አልተናበቡም። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ የኤምአይቲዋ ናንሲ ሌቭሰን ያዘጋጀችው ኤስቲፒኤ የተባለው ዘዴ የተሻለ ነው፤ ማን ለማን ምን ትእዛዝ እንደሚሰጥ ሥዕል አውጥቶ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሳይሰጥ ቢቀር፣ ያለጊዜው ቢሰጥ፣ ወይም ከሚገባው በላይ ቢቆይ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። በሙሉ መሥራት ከከበደዎት፣ ከሕክምና ወደ ፍላሽ እና ከፍላሽ ወደ ሕክምና ለሚደረገው ሽግግር ብቻ ቢሠሩት ብዙ ያገኙበታል።

ለኮሚቴው ከማቅረብዎ በፊት የመጨረሻው ሥራ ቁጥሮቹን ከግምት ማውጣት ነው። አይጥ ሳይኖር፣ ፋንተም ብቻ አስቀምጣችሁ፣ በአንድ ፐልስ የሚወጣውን ዶዝ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። የቆጣሪውን ገመድ ነቅላችሁ ጨረር እንዲወጣ እዘዙ፤ ማሽኑ የገመዱን መነቀል ዐውቆ አንድም ፐልስ መልቀቅ የለበትም። ገመዱን መልሳችሁ፣ ቆጣሪው 1,000 እንዲቆጥር አዛችሁ የጊዜ ገደቡ ብቻውን ሲያቆመው በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን ከጊዜ ጋር በሚያሳይ መሣሪያ) እዩ። ቀጥሎ የጊዜ ገደቡንም ለዚህ ሙከራ አራዝማችሁ፣ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ተጭናችሁ ከተጫነበት ቅጽበት እስከ መጨረሻው ፐልስ ያለውን ሚሊሰከንድ ለኩ፤ በአንድ ጊዜ ስለማይታመን ደጋግማችሁ ለኩና ትልቁን ውሰዱ። በሰንጠረዡ ውስጥ «ይታወቃል» በሚለው ዓምድ አጠገብ አንድ አዲስ ዓምድ ጨምረው፣ ለእያንዳንዱ መከላከያ የተለካውን ይህን ጊዜና በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያልፈውን ግሬይ ይጻፉበት። ያልተለካ ከሆነ 10 ነጥብ ይስጡት።